የአልጌ መርዝ ጥንካሬ በሞለኪውሉ ግዝፈት ይለካልን?

ጥያቄው፦ «ሐይቅ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማይቶቶክሲን የተባለው የባሕር አልጌ መርዝ፣ ፕሮቲን ካልሆኑት የተፈጥሮ መርዞች ሁሉ ግዙፉም ገዳዩም እንደሆነ አነበብሁ። ታዲያ የመርዝ ጥንካሬ ከሞለኪውሉ ግዝፈት ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው? ደግሞስ የሐይቃችን ውኃ አረንጓዴ ሲመስል ተማሪ ‹ይሄም መርዝ አለው ወይ?› ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህር፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ «አያድግም» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ያንን አንድ ቃል በወጉ ለማስረዳት ግን ብዙ ነገር መዘርጋት ያስፈልጋል። እኔ ደሴ ተቀምጬ የተፈጥሮ መርዞችን ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይዘውት የሚመጡት ግምት ይኸው የእርስዎ ነው። ግምቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ማይቶቶክሲን በእርግጥም ግዙፍም ገዳይም ነውና። ሁለቱን ያገናኛቸው ግን ግዝፈቱ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ማይቶቶክሲን ስሙን ያገኘው በታሂቲ ደሴት «ማይቶ» ተብሎ ከሚጠራ ዓሣ ነው። መርዙን የሚሠራው ግን ዓሣው ሳይሆን፣ በሞቃት ባሕር ውስጥ በሞተ ኮራልና በባሕር ሣር ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ጋምቢየርዲስከስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። የሞለኪውሉን ቅርጽ በ1993 ይፋ ያደረጉት ጃፓናውያኑ ሙራታ፣ ያሱሞቶና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በውስጡ 164 ካርቦን፣ 256 ሃይድሮጅን፣ 68 ኦክስጅን፣ 2 ሰልፈርና 2 ሶዲየም አተሞች ይገኛሉ፤ ሲደመሩ 492 ይሆናሉ። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 3,422 ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው አካሉ በኦክስጅን እየተያያዙ እንደ መሰላል እርከን ጎን ለጎን በተደረደሩ 32 ቀለበቶች የተሠራ ነው።

ጥንካሬውን በተመለከተ፣ በአይጥ ሆድ ዕቃ ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ ግማሾቹን አይጦች የሚገድለው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 50 ናኖግራም ያህል ነው። ናኖግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት እኔ የምጠቀመው የገበታ ጨው ነው። አንዲት የደቀቀ ጨው ፍሬ 60 ማይክሮግራም ያህል ትመዝናለች፤ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። የአይጡን ቁጥር 60 ኪሎ ወደሚመዝን አካል በስሌት ብቻ ብናዛውረው 3 ማይክሮግራም ይመጣል፤ ይህም የዚያች ፍሬ ሃያኛ ክፍል ነው። ይህ የመጠኑን ማነስ ለማስተዋል የሚረዳ ስሌት እንጂ በሰው ላይ የተለካ ቁጥር አለመሆኑን ለተማሪዎችዎ አጥብቀው ይንገሯቸው።

አሁን ደግሞ ሳክሲቶክሲን የተባለውን ትንሹን ሞለኪውል እንመልከት። አሌክሳንድሪየም በተባሉና በሌሎችም የባሕር አልጌዎች ይሠራል፤ አልጌውን ከውኃ እያጠለሉ በሚመገቡ ባለዛጎል የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እነሱን የበላ ሰው ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ከዚያም ጡንቻዎቹ ይዝላሉ፣ ሲብስም የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ሥራ ያቆማሉ። ሞለኪውሉ 10 ካርቦን፣ 17 ሃይድሮጅን፣ 7 ናይትሮጅንና 4 ኦክስጅን ብቻ ነው፤ በጠቅላላው 38 አተሞች፣ ክብደቱም 299። ክፍል ውስጥ ከጭቃ ድቡልቡል እየሠራን በስንደዶ እያያያዝን ቅርጹን ስናበጅ አንድ የክፍለ ጊዜ ሰዓት ይበቃናል፤ ያለቀውም ሞዴል በሁለት እጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ማይቶቶክሲንን በዚሁ ልክ እንሥራ ብንል ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ጭቃ ማቡካት ሊኖርብን ነው።

ይህ ትንሽ ሞለኪውል አይጥን ለመግደል በመርፌ ሲሰጥ በኪሎ ግራም 10 ማይክሮግራም ገደማ ይበቃዋል። ምስጢሩ ያለው ሞዴሉን አገላብጠው ሲያዩት ነው፤ ሦስት ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ግትር አካል ይፈጥራሉ፤ በዚያ ግትር አካል ላይ ጓኒዲን የተባሉ፣ ናይትሮጅን የበዛባቸው ሁለት ቡድኖች ተቀምጠዋል፤ እነሱም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ። በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ደግሞ ሶዲየም የሚገባባቸው በሮች አሉ፤ የበሮቹ አፍ አዎንታዊውን የሶዲየም አዮን ለመጋበዝ ሲል አሉታዊ ሙል ባላቸው አሚኖ አሲዶች የተከበበ ነው። ሳክሲቶክሲንም አዎንታዊ ሙል ስላለው እንደ ሶዲየም ተስቦ ወደዚያ አፍ ይቀርባል፤ ነገር ግን ሰፊ በመሆኑ አያልፍም፣ እንደ ውታፍ ይሰካል። ሶዲየም ካልገባ የነርቭ መልእክት አይተላለፍም። ግትርነቱ፣ የኤሌክትሪክ ሙሉና የአቀማመጡ ልክ አንድ ላይ ሆነው ነው ያን ያህል ኃይል የሰጡት።

ግዝፈት ወሳኝ እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ ግን ከሳክሲቶክሲን ጋር ክብደቱ ተቀራራቢ የሆነው ዶሞይክ አሲድ ነው። ክብደቱ 311 ነው፤ የአይጥ ገዳይ መጠኑ ግን በማይክሮግራም ሳይሆን በሚሊግራም ይቆጠራል፤ ከሳክሲቶክሲን በ300 እጥፍ እንኳ ይደክማል። በዚህ መርዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ለወሎዎች የሚቀርብ ነገር ስላለው ነው።

ዶሞይክ አሲድ መጀመሪያ የተገኘው በ1950ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ነው፤ እዚያ ያሉ የደሴት ነዋሪዎች «ዶሞይ» የሚሉትን ቀይ የባሕር ሣር እኛ ኮሶና እንቆቆ እንደምንጠጣው ሁሉ የሆድ ትል ለማስወጣት ይጠቀሙበት ነበር። በዚያ መጠን ጉዳቱ አልታየም። በ1987 ግን በካናዳ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የተለቀመ ባለዛጎል የባሕር እንስሳ የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከተረፉትም መካከል አዲስ ነገር ማስታወስ የተሳናቸው ነበሩ። ምንጩ ሱዶኒትሺያ የተባለ ዳያተም፣ ማለትም ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ፣ ነበር። ታማሚዎቹ የወሰዱት መጠን ከ60 እስከ 290 ሚሊግራም ይሆናል ተብሎ ተገምቷል።

ዶሞይክ አሲድ ሰውን እንዲህ የሚጎዳው ግሉታሜት የተባለውን፣ አንጎላችን ራሱ የሚጠቀምበትን መልእክተኛ ስለሚመስል ነው። በቅርጹ ውስጥ ግሉታሜትን የሚያህል ክፍል አለ፤ ያ ክፍል ግን በቀለበት ታስሮ እንዳይተጣጠፍ ሆኗል። ስለዚህ የግሉታሜት ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ ሕዋሱ ያለ ዕረፍት ይነሣሣል፣ በመጨረሻም ካልሲየም ሞልቶት ይሞታል። አብዝቶ የሚጎዳውም ትዝታ የሚያዝበትን የአንጎል ክፍል ነው።

እንግዲህ ጓያን ያስቡ። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድም የግሉታሜት አምሳያ ነው፤ የሚያርፈውም በነዚሁ የግሉታሜት ተቀባዮች ቤተሰብ ላይ ነው። ክብደቱ 176 ብቻ ሲሆን አካሉ ቀጥ ያለና የሚተጣጠፍ ሰንሰለት ነው፤ በቀለበት አልታሰረም። በድርቅ ዘመን ሌላው ሰብል ጠፍቶ ለሳምንታትና ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ ሰው «ጓያ ሰበረው» ይባላል፤ እግሩ ይተሳሰራል፣ በምርኩዝ መሄድ ይጀምራል። በ1990ዎቹ በደላንታና በዳውንት የደረሰውን ያየ ሰው ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። አንዱ የባሕር ዳያተም መርዝ፣ ሌላው የደጋ ጥራጥሬ መርዝ ነው፤ መርዞቹን እንደ ቁልፍ፣ ተቀባዮቹን እንደ ጓጉንቸር ብናይ ግን የሚነኩት ጓጉንቸር ዘመድ ነው። ዶሞይክ አሲድ በአንድ ማዕድ የሚያደርሰውን ጓያ ለማድረስ ብዙ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጉዳታቸውም ለየብቻ ነው፣ አንዱ ትዝታን ይወስዳል፣ ሌላው እግርን ያስራል። በቁልፉ ቅርጽ ላይ ያለ ልዩነት ይህን ያህል ነው። ለተማሪዎችዎ ከባሕር የራቀውን ጉዳይ በዚህ በኩል ቢያቀርቡት ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት መሰላል መሳይ መርዞችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ብሬቬቶክሲን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውኃውን ከሚያቀላው ካሬኒያ ብሬቪስ ከተባለው አልጌ ይገኛል፤ ክብደቱ 900 ገደማ ነው። ሲጓቶክሲን ደግሞ የጋምቢየርዲስከስ ሌላው ሥራ ነው፤ ክብደቱ 1,111። ሁለቱም በኦክስጅን የተያያዙ ቀለበቶች መሰላል ናቸው፤ ብሬቬቶክሲን ቢ 11፣ ሲጓቶክሲን 13 ቀለበት አለው። ሁለቱም የሚያርፉት በዚያው በሶዲየም በር ላይ፣ በአንድ ሥፍራ ነው፤ ከሳክሲቶክሲን በተቃራኒ በሩን አይደፍኑም፣ እንዳይዘጋ ወጥረው ይይዙታል እንጂ። እንግዲህ ቤተሰባቸው አንድ፣ ሥፍራቸው አንድ፣ ክብደታቸውም በአራተኛ ያህል ብቻ የሚለያይ ሆኖ ሳለ፣ በአይጥ ላይ ሲለካ ሲጓቶክሲን ከብሬቬቶክሲን በመቶዎች እጥፍ ይበረታል፤ ገዳይ መጠኑ በኪሎ ግራም የአንድ ማይክሮግራም ሢሶ ያህል ነው። ግዝፈት ጥንካሬን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል በሆነ ነበር።

በሲጓቶክሲን ላይ አንድ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። አልጌው የሚሠራው የመጀመሪያው ዓይነት በአንጻሩ ደካማ ነው። ሣር በል ዓሣ አልጌውን ይበላል፣ ሥጋ በል ዓሣ ደግሞ ያንን ዓሣ ይበላል፤ በየጉበታቸው ሞለኪውሉ ኦክስጅን እየተጨመረበት ይለወጣል፤ እሱን ሊያስወግዱ የሚደረገው ይህ ለውጥ ግን መርዙን አሥር እጥፍ ያህል ያጠነክረዋል። ያሱሞቶና ባልደረቦቹ በ1989 ቅርጹን ለማወቅ ከ4,000 ኪሎ ግራም የሞሬይ ዓሣ ያጠሩት ንጹሕ መርዝ አንድ ሚሊግራም እንኳ አልሞላም፤ ሲሶ ሚሊግራም ገደማ ነበር። በዚያች እፍኝ በማትሞላ ነገር የ13 ቀለበቶችን አቀማመጥ ማንበባቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ የዚህ ሙያ ከፍተኛው ሥራ ነው።

ወደ ማይቶቶክሲን ስንመለስ፣ በዚያ ሁሉ ግዙፍ አካል ላይ ሰልፌት የተባሉ፣ ሰልፈር ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ቡድኖች አሉ። እነሱ ሲነሡ 32ቱ ቀለበቶች እንዳሉ ይቀራሉ፣ ኃይሉ ግን እጅግ ይወርዳል። በሳክሲቶክሲን ላይ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ በጅራቱ በኩል የሰልፈር ቡድን ሲጨመርበት አሉታዊው ሙል አዎንታዊውን ስለሚያጣፋው ጥንካሬው ወደ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ሞለኪውሉ ገዝፏል፣ መርዝነቱ ግን ቀንሷል። አንድ ዓይነት ቡድን አንዱን ሲያበረታ ሌላውን የሚያዳክም ከሆነ ኃይሉ ያለው በቡድኑም በግዝፈቱም አይደለም፤ ሞለኪውሉ ከሚያርፍበት ሥፍራ ጋር ባለው መገጣጠም ነው። ሳክሲቶክሲንን ስመረምር ግን የምጠነቀቅበት ነገር አለ፤ በሰልፈር የተዳከመው ዓይነት በአሲድ ሲሞቅ ቡድኑን አውልቆ ወደ ብርቱው ይመለሳል። ስለዚህ በናሙናው ውስጥ «ደካማው ነው ያለው» ተብሎ አይናቅም።

ስለ ቁጥሮቹም አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የመርዞች የጥንካሬ ሠንጠረዥ በብዛት የሚጻፈው በመርፌ ከተሰጠ መጠን ነው፤ የተበላ መርዝ ሌላ ነው። ሳክሲቶክሲን በአፍ ሲሰጥ ለአይጥ የሚያስፈልገው 260 ማይክሮግራም ገደማ በኪሎ ግራም ነው፤ ከመርፌው ከሃያ እጥፍ በላይ። ማይቶቶክሲንማ ግዝፈቱና ውኃ ወዳድነቱ የአንጀትን ግድግዳ እንደ ልብ እንዳያልፍ ስለሚያግዱት በአፍ ሲገባ ያ አስፈሪ ኃይሉ ብዙ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግዝፈት መርዙን የሚጎትት ሸክም ነው። ዓሣ በልተው ለሚታመሙ ሰዎች ዋናው ተጠያቂ፣ ከሁለቱ የጋምቢየርዲስከስ መርዞች፣ ስብ ወዳዱና በቀላሉ የሚዘልቀው ሲጓቶክሲን የሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ሐይቁ ጥያቄ እንምጣ። ጋምቢየርዲስከስ የሞቃት ባሕር ፍጡር ነውና ማይቶቶክሲንን በሐይቅ ውኃ ውስጥ አይጠብቁ፤ ይህን ለተማሪው በሙሉ ልብ ሊነግሩት ይችላሉ። ጣፋጭ ውኃ ግን የራሱ መርዝ ሠሪዎች አሉት፤ በልማድ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» የምንላቸው፣ በትክክለኛው ምደባ ግን ባክቴሪያ የሆኑት ሳያኖባክቴሪያዎች። ከነሱ አንዳንዶቹ ሳክሲቶክሲንን ራሱን ይሠራሉ፤ በ1991 በአውስትራሊያ የዳርሊንግ ወንዝ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል በእንደነዚህ ዓይነቶቹ ተሸፍኖ ነበር። በዓለም ሐይቆች በብዛት የሚገኘው ግን ማይክሮሲስቲን ነው። በአገራችንም በቆቃ ግድብ ውኃ ውስጥ መገኘቱ በጥናት ታውቋል።

ማይክሮሲስቲን ሰባት አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው፤ በብዛት የሚጠቀሰው ዓይነት 995 ይመዝናል። ከሰባቱ አንዱ «አዳ» የሚባል፣ በሌላ ሕይወታዊ ፕሮቲን ውስጥ የማይገኝ ረጅም ጅራት ያለው አሚኖ አሲድ ነው። ጉበት ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን ፎስፋቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ሲይዝ ጅራቱ በኢንዛይሙ ጎድጓዳ ውስጥ ይሰካል። በዚያ ጅራት ላይ ያለ አንድ ድርብ ትስስር አቅጣጫው ቢዞር፣ አተሞቹ ሳይጨመሩ ሳይቀነሱ፣ መርዝነቱ ይጠፋል። የእርስዎን የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚህ በላይ አሳጥሮ የሚመልስ ማስረጃ አላውቅም። የሚገርመው ደግሞ የባሕር አልጌዎቹ ዳይኖፊሲስ የሚሠሩት ኦካዳይክ አሲድ፣ አሚኖ አሲድ የሌለበት ፍጹም ሌላ ሰንሰለት ሆኖ ሳለ፣ እነዚሁኑ ኢንዛይሞች በዚያው ጎድጓዳ ላይ ይይዛል። እሱ ግን በተቅማጥ ሲያጠቃ ማይክሮሲስቲን ጉበትን ይመታል፤ ምክንያቱም ማይክሮሲስቲን የሕዋስን ሽፋን በራሱ ስለማያልፍ የሚያስገቡትን ተሸካሚ ፕሮቲኖች ይፈልጋል፣ እነሱም በጉበት ሕዋሳት ላይ በዝተው ይገኛሉ።

የመንገዱ ጉዳይ እዚህም ይመለሳል። ማይክሮሲስቲን በመርፌ 50 ማይክሮግራም፣ በአፍ ግን 5 ሚሊግራም ገደማ በኪሎ ግራም ነው ለአይጥ ገዳይ የሚሆነው፤ መቶ እጥፍ ልዩነት። በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ የኩላሊት እጥበት ይደረግላቸው የነበሩ ከ50 በላይ ሕሙማን የሞቱት፣ መርዙ ያለበት ውኃ በእጥበቱ በኩል አንጀትን ዘሎ ከደማቸው ጋር ስለተገናኘ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር የመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የመመሪያ ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው።

ስለዚህ ተማሪው ሲጠይቅዎ ቀለሙ ብቻ አይፈርድም ይበሉት። አረንጓዴ ውኃ የሚያደርጉ ብዙ መርዝ የሌላቸው አልጌዎች አሉ፤ ማይክሮሲስቲስ ከተባለው አንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ መርዙን የሚሠራበት ጂን ያለውና የሌለው በአንድ ውኃ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ በማይክሮስኮፕም አይለዩም። መርዝ መኖሩን የሚያረጋግጠው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ነፋስ ወደ ዳር ገፍቶ ያከማቸው አረንጓዴ አረፋ ሲታይ ልጆች እዚያ እንዳይዋኙ፣ ከብቶችም ከዚያ በኩል እንዳይጠጡ ማድረግ ይገባል፤ በዚያ ሰሞን የተጠመደ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ሆድ ዕቃውና ጉበቱ በሚገባ ወጥቶ ይጣል።

ማፍላት ግን አይረዳም። አያቴ ጓያ ስትቀቅል ቀድማ ትዘፈዝፈውና ውኃውን ደፍታ በሌላ ውኃ ትጥደው ነበር፤ ቤታ ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ከተደፋው ውኃ ጋር በከፊል ይሄዳል፣ ብልሃቷ ትክክል ነበር። በሐይቅ ውኃ ላይ ግን የሚደፋ ነገር የለም፤ የምንጠጣው ራሱ ውኃው ነው። የማይክሮሲስቲን ቀለበት በመፍላት አይፈርስም፤ እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ይወፍራል፣ ሕዋሳቱም ፈንድተው በውስጣቸው የያዙትን ይለቃሉ።

ለክፍልዎ የሚሆን አንድ ቀላል ሥራም ልጠቁም። የእጅ ጓንት አድርገው አረንጓዴውን ውኃ በብርጭቆ ማሰሮ ይሙሉና ሳይነቀነቅ እስከ ማግስቱ ያቆዩት። ብዙዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች በሕዋሳቸው ውስጥ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ወደ ላይ ተንሳፈው በማሰሮው አፍ ዙሪያ እንደ ቀለም ያለ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራሉ፤ የሌሎቹ አልጌዎች ብዙው ግን ወደ ታች ይዘቅጣል ወይም በውኃው ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ቀለበቱ ከላይ ከታየ መርዝ አለ ማለት አይደለም፤ ያ ውኃ ለምርመራ መላክ አለበት ማለት ግን ነው። ናሙናውን ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ፣ በቀዝቃዛ ሣጥን አድርገው በዚያው ቀን ይላኩት።